በክሩዝ መርከብ ላይ ጠቅልሎ መኖር፦ ዋጋው፣ ወረቀቱና የጾም ሳህኑ

ጎንደር ውስጥ ይህ ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በስልክ ነው። አሜሪካ ወይም አውሮፓ ሠላሳ ዓመት ሠርተው ጡረታ የደረሱ የአገር ልጆች «መጦሪያ ቤት ከምገባ መርከብ ላይ ብኖር ይረክሳል ይላሉ፤ እውነት ነው?» ይላሉ። ልጆችም አባትና እናታቸውን ከአራዳ ወይም ከአዘዞ አንስተው አንድ ዓመት ባሕር ላይ ሊያሳርፏቸው ያስባሉ። ወሬው ከመሬት የተነሳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 አንድ የአሜሪካ የአረጋውያን ሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ስሌት፣ የሃያ ዓመት የመርከብ ኑሮ 230,000 ዶላር ገደማ፣ የመጦሪያ ቤቱ ደግሞ 228,000 ዶላር ገደማ እንደሚፈጅ አሳይቶ ነበር። ያ ግን የዛሬ ሃያ ዓመት ዋጋ ነው። ዛሬ በዚያ ቁጥር ተማምኖ ቤት የሚሸጥ ሰው ይጎዳል።

ፍርዳችንን ከወዲሁ እንናገር። ጤነኛ ለሆኑ፣ የአሜሪካ ወይም የአውሮፓ ፓስፖርት ለያዙ፣ ጎንደር ያለ ቤታቸውን ለማይለቁ ባልና ሚስት በዓመት ሦስት ወር ያህል ቢኖሩበት እጅግ ጥሩ አገልግሎት ነው። ዓመቱን ሙሉ፣ ቤት ዘግቶ፣ በኢትዮጵያ ፓስፖርት መኖርን ግን አንመክርም። ገንዘቡ ቢሟላ እንኳ ወረቀቱ፣ ሕክምናውና እድሩ አይሟሉም።

አገልግሎቱ ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው ተራ የመዝናኛ መርከብ ላይ የአንድ ወይም የሁለት ሳምንት ጉዞዎችን አከታትሎ መግዛት ነው፤ ሰዎች ሲኖሩ የምንሰማው በብዛት በዚህ መንገድ ነው። ሁለተኛው የዓለም ዙር ጉዞ ነው፤ አብዛኛው ከ100 እስከ 180 ቀን ይወስዳል። ሮያል ካሪቢያን እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2023 እስከ መስከረም 2024 በሴሬናድ ኦፍ ዘ ሲስ ያደረገው 274 ሌሊት የፈጀ ነበር። ሦስተኛው መኖሪያ ተብሎ የተዘጋጀ መርከብ ነው። ከነዚህ የመጀመሪያ ረድፍ ላይ ያለው ዘ ወርልድ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ይጓዛል፤ 165 መኖሪያዎች አሉት፣ ባለቤቶቹም ነዋሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። ዋጋው በሚሊዮን ዶላር ስለሚቆጠር እዚህ ላይ አናቆየውም። ቪላ ቪ ኦዲሲ ደግሞ ካቢን ከ99,999 ዶላር ጀምሮ ይሸጣል ተብሎ የተዋወቀ ነው፤ በዚያ ላይ ወርሃዊ ክፍያ አለው። ካቢን ገዛሁ ማለት ቤት ገዛሁ ማለት አይደለም። የተገዛው መርከቡ እስከሚያገለግልበት ጊዜ ድረስ የመኖር መብት ነው፣ መርከብ ደግሞ ያረጃል። ኦዲሲ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው፤ በ2024 ጥገናው አላልቅ ብሎ ቤልፋስት ወደብ ላይ አራት ወር ገደማ ቆሟል።

ወደ ሒሳቡ እንግባ። ማስታወቂያ ላይ የሚጻፈው ዋጋ ለአንድ ሰው ነው፤ ግን አንድ ካቢን ውስጥ ሁለት ሰው ሲያድር። ለስሌት እንዲመች መስኮት የሌለው ካቢን ለአንድ ሰው በቀን 100 ዶላር እንበል። ለሁለት ሰው በዓመት 73,000 ዶላር ይሆናል። በዚህ ላይ መርከቡ በየቀኑ በራሱ የሚቆርጠው ቲፕ አለ፤ በሰው 18 ዶላር ብንይዝ 13,140። የወደብ ቀረጥና ክፍያ በሰው በቀን 15 ዶላር ብንይዝ 10,950። ዋይፋይ ለአንድ ስልክ በቀን 20 ዶላር፣ በዓመት 7,300። ላውንደሪ በሳምንት አንድ ከረጢት በ35 ዶላር፣ 1,820። ድምሩ 106,210 ዶላር ነው። ስለዚህ ማስታወቂያው 100 ሲል እናንተ 145 ብላችሁ አንብቡ። ኢንሹራንስ፣ ቪዛ፣ የአውሮፕላን ትኬትና ወደብ ላይ ወርዶ የሚወጣው ገንዘብ ገና አልገባም።

ባል ወይም ሚስት የሞተባቸው ሰዎች ሒሳብ ከዚህ ይከፋል። ብቻውን የሚያድር ሰው ብዙ ጊዜ የሁለቱንም አልጋ ይከፍላል። ከላይ ባለው ስሌት 73,000 ሙሉውን እሱ ላይ ይወድቃል፤ ቲፕ 6,570፣ ቀረጥ 5,475፣ ዋይፋይ 7,300፣ ላውንደሪ በግማሽ 910 ሲጨመር 93,255 ዶላር ይደርሳል። በቀን 255 ዶላር ማለት ነው። ይህን ሳይነግር ለአንዲት ባሏ የሞተባት እናት ካቢን የሚሸጥ ወኪል እናቲቱን እየበደላት ነው። አንዳንድ መርከቦች ለብቸኛ መንገደኛ የተሠሩ ጠባብ ካቢኖች አሏቸው፤ ቁጥራቸው ትንሽ ስለሆነ ቀድመው ያልቃሉ። ሒሳቡን በዶላር የተውነው ሆን ብለን ነው፤ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ምንዛሪው በገበያ ስለሚወሰን በብር የሚጻፍ ቁጥር በወሩ ያረጃል።

ዋጋ የሚቀንስባቸው ወራት አሉ፤ የጎንደር ሰው ደስ የሚለውም እዚህ ላይ ነው። መርከብ በጣም የሚወደደው የፈረንጅ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ማለትም ከሰኔ እስከ ነሐሴ፣ እንዲሁም በፈረንጅ ገናና አዲስ ዓመት ሳምንታት ነው። የሚረክሰው ከመስከረም አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ መጀመሪያ ነው። በዚያ ላይ በጥቅምትና በኅዳር የሜዲትራንያን መርከቦች ወደ ካሪቢያን ስለሚዛወሩ፣ አትላንቲክን ለማቋረጥ የሚወስደው ሁለት ሳምንት ገደማ በቀን ሲታሰብ ከሁሉም ርካሽ ይሆናል። በሚያዝያ ደግሞ ይመለሳሉ። ስለዚህ ምክራችን አጭር ነው፦ ከመስቀል በኋላ ውጡ፣ ከገና በፊት ግቡ። የዓለም ዙር ጉዞዎች አብዛኞቹ የሚነሱት በፈረንጅ ጥር መጀመሪያ ስለሆነ ገናም ጥምቀትም ዐቢይ ጾምም ባሕር ላይ ያልፋሉ። የፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ውሃ ሲሞላ ሌላ ውሃ ላይ መሆን ለአንድ ጎንደሬ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፦ የካሪቢያን የአውሎ ነፋስ ወቅት እስከ ኅዳር መጨረሻ፣ እንደ ፈረንጅ እስከ ኖቬምበር 30፣ ይዘልቃል። መርከቡ ከአውሎ ነፋሱ ይሸሻል፤ መቆሚያ ወደቦቹ ግን ይቀያየራሉ፣ በራሳችሁ የያዛችሁት ሆቴልና መኪናም ይባክናል።

ጉዞ አከታትለው የሚገዙ ሰዎች የማይጠብቁት አንድ ነገር አለ። አንዱ ጉዞ አልቆ ሌላው በሚጀምርበት ቀን፣ በተለይ አሜሪካ ወደብ ላይ፣ መርከቡ ውስጥ አንድም መንገደኛ እንዳይቀር ሁሉም ይወርዳል። ቀጣዮቹን ሰዎች ሠራተኛ ሰብስቦ በኢሚግሬሽን ያሳልፋቸውና መልሶ ያስገባቸዋል። ካቢኑ ለቀጣዩ ጉዞ ለሌላ ሰው ተሽጦ ከሆነ ዕቃ ማዛወር አለ። ስለዚህ ስትገዙ «ያው ካቢን ለሁሉም ጉዞ» እንዲሆን ወኪሉን ያዙት፤ ካልሆነ በየሁለት ሳምንቱ ሻንጣ መክተት ነው። የመኖሪያ መርከቦችም ቢሆኑ ከዚህ ነፃ አይደሉም። የመንገደኛ መርከብ በአምስት ዓመት ውስጥ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ከውሃ ወጥቶ ከሥሩ ይፈተሻል፣ ያኔ ነዋሪው የሚያርፍበት የብስ ሊኖረው ይገባል። ማን እንደሚከፍል ውሉ ላይ ፈልጉ።

አሁን ወረቀቱ። መርከቡ ወደብ ላይ ሲቆም አልወርድም ማለት ከቪዛ አያድንም። በጉዞው መስመር ላይ ካሉ አገሮች አንዱ ቪዛ የሚጠይቅ ከሆነና ቪዛው ከሌላችሁ ኩባንያው መነሻው ወደብ ላይ ሊከለክላችሁ ይችላል፤ ገንዘቡም አይመለስም። ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ትልቁ ወጥመድ የመግቢያው ቁጥር ነው። ምሳሌ እንውሰድ። መርከቡ ከግሪኩ ፒሬየስ ተነስቶ ቱርክ ኩሻዳሲ ላይ ያድርና ወደ ግሪክ ይመለሳል። በወረቀት ላይ ይህ ሸንገን ከሚባሉት፣ በአንድ ቪዛ ከሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች ወጥቶ እንደገና መግባት ነው። ቪዛው የአንድ ጊዜ መግቢያ ከሆነ ጉዞው ኩሻዳሲ ላይ ያበቃል። የአሜሪካም እንደዚሁ ነው፤ ከማያሚ ወጥቶ ባሃማስ ደርሶ የሚመለስ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ ያስፈልገዋል። ወኪል ሲጠየቅ «ቪዛ አላቸው» የሚለው መልስ አይበቃም፤ ተለጣፊውን አውጥታችሁ የመግቢያ ብዛት የሚለውን መስመር አንብቡ።

ፓስፖርቱ ጉዞው ካለቀ በኋላ ስድስት ወር የሚቀረው መሆን አለበት። የዓመት ጉዞ ለሚያስብ ሰው ሲነሳ ቢያንስ 18 ወር ቀሪ ማለት ነው። ባዶ ገጽም ይቁጠሩ፤ ወደብ በበዛ ቁጥር ማኅተም ይበዛል። ከኢትዮጵያ ለሚነሳ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ግዴታ አድርጉት፤ ክትባቱ ከጉዞው 10 ቀን ቀድሞ መወሰድ አለበት፣ አንዴ ከተወሰደ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ይህን ካርድ ዲያስፖራው ቢጫ ካርድ ከሚለው የትውልደ ኢትዮጵያ መታወቂያ ጋር አታምታቱት፤ ሁለቱም ያስፈልጋሉ፣ ሥራቸው ግን ለየቅል ነው። ሳይጨነቁ የሚሳፈሩበት ወደብ ከተፈለገ ሞምባሳን አስቡ፤ ኬንያ ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ቪዛ አትጠይቅም። ከዚያ በኋላ ያሉትን ወደቦች ግን አንድ በአንድ ማየት ነው።

የውጭ ፓስፖርት ያለውም ቢሆን ገደብ አለበት። አሜሪካዊ ዜጋ ሸንገን አገሮች ውስጥ በ180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን በላይ መቆየት አይችልም፤ በባርሴሎና፣ በኔፕልስና በፒሬየስ እየዞረ የሚያሳልፈው ጊዜም ይቆጠርበታል። ግሪን ካርድ ብቻ ያላቸው ደግሞ የበለጠ ይጠንቀቁ። ከአሜሪካ ውጭ ከስድስት ወር በላይ መቆየት ለዜግነት የሚቆጠረውን ጊዜ ጥያቄ ውስጥ ይከተዋል፤ ከዓመት በላይ ለመቆየት የመመለሻ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ማመልከቻውም አሜሪካ ውስጥ ሆኖ የሚገባ ነው። ኤስኤስአይ የሚባለውን ድጎማ የሚወስዱ አረጋውያን ከአሜሪካ ለ30 ተከታታይ ቀን ከወጡ ክፍያው ይቆማል። ሜዲኬር የሚባለው የአሜሪካ የአረጋውያን የጤና መድንም መርከቡ የአሜሪካ ወደብ ላይ፣ ወይም ከአሜሪካ ወደብ በስድስት ሰዓት ርቀት ውስጥ በአሜሪካ ውሃ ላይ ካልሆነ አይከፍልም። እነዚህን ሦስት መስመሮች ባለማወቅ የሚጠፋው ገንዘብ ከካቢኑ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል።

ስለ መዝናኛው ብዙ አንልም፤ ቲያትሩም መዋኛውም ደህና ነው፣ ከሁለት ወር በኋላ ፕሮግራሙ ይደጋገማል። ምግቡ ግን ሰፊ ነገር ነው።

ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ በዓመት ያሉት አጽዋማት ሲደመሩ ከ180 ቀን በላይ ይሆናሉ። ስለዚህ የጾም ሳህን ለጎንደር እናት የዓመቱ ግማሽ ጉዳይ ነው። መጀመሪያ ቃሉን አስተካክሉ። «ቬጂቴሪያን» ካላችሁ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል ይመጣል፤ የእኛን ጾም የሚቀርበው «ቬጋን» የሚለው ነው። ጥያቄው ከጉዞው ቢያንስ 60 ቀን ቀድሞ በጽሑፍ ለኩባንያው ይድረስ፣ ከዚያ በመጀመሪያው ምሽት ለምግብ ቤቱ ኃላፊ ይደገም። ኃላፊው የነገውን ዝርዝር ማታ ያሳያችሁና የምትመርጡትን ያሠራል። ቡፌው ላይ በዓይናችሁ ብቻ ከተማመናችሁ ሾርባው በዶሮ መረቅ የተሠራ፣ ዳቦው ወተት የገባበት፣ ጥብስ አትክልቱም የአሣ ወይም የኦይስተር ስጎ የፈሰሰበት ሊሆን ይችላል፤ ሲያዩት ሁሉም አትክልት ይመስላል።

ትልቁ ችግር ሰዓቱ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ቡፌው ላይ ሲደርስ የምሳው መስመር እየተዘጋ ነው። ከዚያ እስከ ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ድረስ የሚቀረው ፒዛና ሳንድዊች ነው፤ አይብና ሥጋ ያለበት። መፍትሔው ቀላል ቢሆንም ሳይጠየቅ አይመጣም፦ የማታ እራት ላይ የምግብ ቤቱን ኃላፊ «ነገ በዘጠኝ ሰዓት ካቢን ድረስ አንድ የጾም ሳህን ይላክልን» በሉት። የሚላከውም ምን እንደሆነ ንገሩት። አብዛኞቹ መርከቦች ላይ ሕንዳውያን ወጥ ሠሪዎች አሉ፣ ዳል የሚባለው የምስር ወጣቸውም ከእኛ ምስር ጋር የቅርብ ዘመድ ነው። ሽንኩርቱ በደንብ የበሰለ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል የገባበት፣ እርድ ያለበት ነው። ችግሩ ጊ የሚሉት የራሳቸው ንጥር ቅቤ ነው፤ መጨረሻ ላይ ጣል ያደርጉበታል። «ዳል፣ ያለ ጊ፣ ያለ እርጎ፣ በዘይት» ካላችሁ ከነጭ ሩዝ ጋር የሚመጣው ሳህን ረቡዕና ዓርብን ያሻግራል። የሚያቃጥል የፈለገ ሰው ኢንዶኔዥያውያን ሠራተኞች የሚወዱትን ሳምባል ሊጠይቅ ይችላል፤ ግን ብዙ ጊዜ የሽሪምፕ ድልህ ስላለበት ለጾም አይሆንም።

እንጀራ የለም። ጤፍ ዱቄት መያዝም አይረባም፣ ምጣድ የሚጣድበት ቦታ የለምና። በርበሬና ሽሮ ከቤት በፌስታል ተቋጥሮ ከሄደ መግቢያው ላይ ሊወሰድ ይችላል፤ በፋብሪካ የታሸገና ጽሑፍ ያለበት ከሆነ ግን የማለፍ ዕድሉ ሰፊ ነው። ቋንጣና ንጥር ቅቤ ከነጭራሹ አትያዙ። አውሮፓ ከውጭ የሚገባ ሥጋና የወተት ውጤት ትከለክላለች፣ አሜሪካም በሥጋ አትደራደርም፣ አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ደግሞ ያላስመዘገባችሁት ምግብ ቦርሳችሁ ውስጥ ከተገኘ እዚያው ይቀጣሉ።

ቡና ላይ ደግሞ ሐዘናችን የእውነት ነው። ካቢን ውስጥ ከሰል፣ እጣን፣ ሻማ፣ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ማንቆርቆሪያ፣ ካውያ፣ ማራዘሚያ ገመድ፣ ሁሉም ክልክል ነው። ክልከላው ለማስቸገር አይደለም። ባሕር መሐል እሳት ቢነሳ የሚጠራ እሳት አደጋ የለም፤ የጭስ ጠቋሚው ሲጮኽ የሚሰማው መርከቡ የሚመራበት ክፍል ድረስ ነው። ስለዚህ ሦስቱን ስኒ የለመደች ቤት በቴርሞስ መኖር አለባት። የሙቅ ውሃ ማሽን ቡፌው ጋር ቀን ከሌሊት አለ፤ በፋብሪካ የታሸገ የተፈጨ ቡና ይዞ በማጣሪያ ወረቀት ማፍሰስ ይቻላል። መርከቡ በነፃ የሚሰጠው የማሽን ቡና ቀጭን ነው፣ ማኪያቶውም በዶላር ነው።

ካቢኑ መስኮት ከሌለው ከ14 እስከ 17 ካሬ ሜትር ነው፣ መታጠቢያው ጭምር። ሁለት ሻንጣ አልጋ ሥር ይገባል፤ ከዚያ በላይ አይበቃም። ግድግዳው ብረት ስለሆነ ማግኔት ያለው መስቀያ ከአራት እስከ ስድስት ያዙ፤ ነጠላ፣ ካፖርት፣ ቦርሳ ይሰቀልበታል። ምርጫ ካላችሁ መሐል ላይ፣ ዝቅ ካሉት ፎቆች፣ ከላይና ከታች ካቢን ያለበትን ውሰዱ፤ የመርከቡ መወዛወዝ እዚያ ይቀንሳል። መዋኛ ሥር ያለ ካቢን ከንጋት ጀምሮ ወንበር ሲጎተት ይሰማል፣ ከፊት ያለው መልሕቅ ሲወርድ ይንቀጠቀጣል፣ ከኋላ ያለው የሞተሩን ንዝረት ይጋራል። ጋቢንና ባለ ጥበብ ቀሚስን ለላውንደሪ አትስጡ። በሙቅ ውሃ ታጥቦ በሙቅ አየር ስለሚደርቅ ጥጡ ይሸበሸባል፣ የጥበቡ ቀለምም ነጩ ላይ ይለቃል። በቀዝቃዛ ውሃ በእጅ ማጠብና መታጠቢያው ውስጥ ባለችው ገመድ ላይ መስቀል ነው፤ አየሩ እርጥብ ስለሆነ ለመድረቅ ሁለት ቀን ይፈጃል።

ጤና ላይ ቆም ብላችሁ አንብቡ። መርከቡ ላይ ሐኪም፣ ነርሶች፣ የደምና የራጅ ምርመራ፣ ድንገተኛ ሕመምን ለጊዜው የሚያረጋጋ ክፍል አለ። ትልቅ ቀዶ ጥገና አይደረግም፤ ተራ ጉዞ ላይ የኩላሊት እጥበትም የለም። ሒሳቡ በቀጥታ ካቢናችሁ ላይ ይመዘገባል፣ ከፍላችሁ ከወረዳችሁ በኋላ ነው ከኢንሹራንስ የምትጠይቁት። በሄሊኮፕተር ወይም በአምቡላንስ አውሮፕላን መወሰድ ብዙ አሥር ሺሕ ዶላር ሊያስወጣ ይችላል። ስለዚህ ኢንሹራንሱ ለሕክምና ቢያንስ 100,000፣ ታማሚን ከመርከቡ አንስቶ ለማጓጓዝ ቢያንስ 250,000 ዶላር የሚሸፍን ይሁን፤ ነባር ሕመምን፣ ማለትም ስኳርን፣ ደም ግፊትን፣ ልብን እንደሚያካትት በጽሑፍ ይታይ። ብዙዎቹ ውሎች ነባር ሕመምን የሚሸፍኑት የጉዞው የመጀመሪያ ክፍያ በተፈጸመ በሁለትና ሦስት ሳምንት ውስጥ ከተገዙ ብቻ ነው።

የስኳር ሕመምተኛ ካለ ኢንሱሊንን ካቢን ውስጥ ባለው ትንሽ ማቀዝቀዣ አትመኑት። የመጠጥ ማቀዝቀዣ እንጂ ለመድኃኒት የሚሆን ቅዝቃዜ የለውም፣ የካቢኑ መብራት ሲጠፋም አብሮ የሚጠፋበት አለ። ስትመዘገቡ የሕክምና ማቀዝቀዣና የመርፌ መጣያ ሳጥን ጠይቁ፤ ሁለቱም ይሰጣሉ። መድኃኒት በየጠርሙሱ፣ የሐኪም ወረቀቱ በእንግሊዝኛ፣ እጅ ቦርሳ ውስጥ ይሁን፤ ትልቁ ሻንጣ ካቢን የሚደርሰው አምሽቶ ነው። ሆድ የሚያስቀምጠውና የሚያስታውከው ኖሮቫይረስ መርከብ ላይ ሲገባ ቶሎ ይዛመታል። በየበሩ ያለው የእጅ አልኮል ይህን ቫይረስ በደንብ አይገድለውም፤ በሳሙናና በውሃ መታጠብ ነው የሚያድነው። የታመመ ሰው ምልክቱ ከቆመ በኋላም እስከ ሁለት ቀን ካቢኑ ውስጥ ሊቆይ ይገደዳል።

ስለ ሞትም ማንሳት አለብን፤ ለአረጋዊ የሚገዛ አገልግሎት ነውና። ትልልቅ መርከቦች የአስከሬን ማቆያ አላቸው፣ የሚይዘው ግን ጥቂት ነው። መርከቡ በሚቀጥለው ወደብ ያስረክባል፤ የሞት ምስክር ወረቀት፣ የኤምባሲ ፈቃድ፣ እስከ አዲስ አበባ ከዚያም እስከ ጎንደር የአውሮፕላን ጭነት አለ። ኢንሹራንሱ «አስከሬን ወደ አገር መመለስ» የሚል መስመር ከሌለው አትፈርሙ፤ አገር የሚለውም ኢትዮጵያ መሆኑን አረጋግጡ። አንዳንዱ ውል የመኖሪያ አድራሻ ብሎ የሚይዘው አሜሪካን ነውና። እድሩንም አትርሱ። መዋጮ ሲቋረጥና ሰው ለቅሶ ላይ ሲጠፋ ከመዝገብ የሚሰርዙ እድሮች አሉ። ከመሄዳችሁ በፊት የእድሩን ዳኛ አነጋግሩ፣ የዓመቱን መዋጮ በአንድ ጊዜ ክፈሉ፣ ተወካያችሁን በስም አስመዝግቡ፣ ደረሰኝ ተቀበሉ።

ክፍያው ላይ ሁለት ነገር። በመርከቡ ላይ ጥሬ ገንዘብ አይሠራም፤ ሁሉም በካቢን ካርድ ተመዝግቦ ዓለም አቀፍ የባንክ ካርድ ላይ ይወድቃል። ካርድ የሌላቸው ወላጆች መሳፈሪያው ቀን ሪሴፕሽን ላይ ዶላር ማስያዝ ወይም ልጃቸው የካርድ ባለቤት ፈቃድ ቅጽ ሞልቶ ቀድሞ መላክ አለበት። ሁለተኛው፣ ገና ያልተነሳ መርከብ ላይ ገንዘብ አታፍሱ። ላይፍ አት ሲ የሚባለው የሦስት ዓመት ጉዞ በሰው በዓመት ከ29,999 ዶላር ተብሎ ተሽጦ፣ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 መርከብ ስላልተገኘ ተሰረዘ። ቤታቸውን ያከራዩና የሸጡ ሰዎች ኢስታንቡል ደርሰው ነበር፤ ገንዘባቸውም በክፍፍል እንደሚመለስ ተነገራቸው። በክሬዲት ካርድ መክፈል፣ መርከቡ በስሙ እንዳለና ዛሬ የት እንደቆመ በመርከብ መከታተያ መተግበሪያ ማየት፣ ከአሜሪካ ወደብ የሚነሳ ከሆነም ኩባንያው የአሜሪካ የባሕር ንግድ ተቆጣጣሪ በሆነው በፌደራል ማሪታይም ኮሚሽን ዋስትና ያስያዘ መሆኑን መጠየቅ ነው።

ሙሉ ዓመት ከማሰብ በፊት አንድ የአትላንቲክ ማቋረጫ ሞክሩ። በጥቅምት ወይም በኅዳር ከባርሴሎና ወደ ፍሎሪዳ የሚሄደውን ምረጡ፤ ወደ ምዕራብ ሲኬድ ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚመለስ በርካታ ሌሊቶች 25 ሰዓት ይሆናሉ፣ ለእንቅልፍ ይመቻል። በሚያዝያ ወደ ምሥራቅ የሚመለሰው ደግሞ ከበርካታ ሌሊቶች ሰዓት እየቆረጠ አረጋዊ ያደክማል። ስድስት ወይም ሰባት ቀን ያለ የብስ ስለምትጓዙ ባሕሩ፣ ካቢኑና ምግቡ ይስማማችሁ እንደሆን እዚያው ታያላችሁ። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል። የመርከቡን የጾም ሳህን መፈተን የፈለገ ከዚያ በኋላ የሚነሳውን ይያዝ፤ ዳሉን ያለ ጊ ለማዘዝ ደግሞ የመጀመሪያውን ምሽት አያሳልፍ።